ጭልፊት የእህቴን ባል ስላለመግፋቱ

የምስክር ቃል

ምስክር፦ በአካባቢው «ጎሚስታው» ተብለው የሚታወቁ
ዕድሜ፦ 56
ሥራ፦ ጎማ ጥገና
አድራሻ፦ ከስታዲየሙ የምሥራቅ በር ፊት ለፊት፣ ከጎማ ቤታቸው ጀርባ ባለው መኖሪያ
ከተጎጂው ጋር ያላቸው ዝምድና፦ የተጎጂው ሚስት ወንድም
ቃሉ የተሰጠበት ዕለት፦ ሐሙስ ጠዋት

የማውቀውን ብቻ እንድናገር፣ ሐሰት ብናገርም በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተጎጂው በሙያው አናጺ ሲሆን የእህቴ ባል ነው። ተጠርጣሪው ባለፈው የውድድር ዘመን መጨረሻ ከክለባችን የተሰናበተው አጥቂ ሲሆን ደጋፊው «ጭልፊት» ብሎ ይጠራዋል። ይህን ስም ያገኘው ኳሱን ከየት መጣ ሳይባል ነጥቆ ስለሚሄድ ነው።

በጎማ ቤቴ በር ላይ ያረጁ ጎማዎች ስላሉ ደጋፊዎች ከሥራ ሲወጡ እዚያ ላይ ይቀመጣሉ። ከስንብቱ ወዲህ የጭልፊት ውል እንጂ ሌላ ወሬ አልነበረም። አናጺው የሚለው፣ ክለቡ «ውልህን እናድሳለን» እያለ በቃል ሲያስተኛው ከርሞ ጉልበቱ ሲታመም ጣለው ነው። እኔ የምለው ደግሞ፣ ክለቡ ና ፈርም ሲለው ስልኩን ዘግቶ የጠፋው ራሱ ነው፣ ክለብን የሚያህል ነገር ተጫዋችን አይለምንም ነው። አናጺው ይመለሳል ባለ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ» እለዋለሁ። እሱም «ወተቷ እየተንጠባጠበብኝ ነው» ይለኝ ነበር። በዚህ ነገር ተኮራርፈን የዋልንበት ቀን ብዙ ነው፤ ማታ ግን እህቴ ቤት አንድ ገበታ እንቀርባለን።

ተጠርጣሪውን ይደግፋሉ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አልደግፍም ብያለሁ። ስሙ ሲነሳ ወሬው እንዳይሰማኝ ኮምፕረሰሩን የማስነሳ ሰው መሆኔን ሰፈሩ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ የተነፋ የውስጥ ጎማ በርሜል ውኃ ውስጥ ነክሬ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ስፈልግ፣ አናጺው ከጎኔ ተቀምጦ ጭልፊት ያገባቸውን ጎሎች ይተርካል። ዓይኑ ውኃው ላይ ነው፣ የሚያየው ግን ሌላ ነገር ነው። በሚያዝያ ሁለት ተከላካይ ያለፈበት ጎል በሰኔ አራት ያልፍበታል። እኔም ውሸት መሆኑን እያወቅሁ፣ እጄን ውኃው ውስጥ ከትቼ ቀዳዳውን ረስቼው የምቆይበት ጊዜ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደጋፊዎች ከበሮ መቺ ወደ ጎማ ቤቴ መጥቶ «ጭልፊት ነገ ጠዋት ስታዲየም ይመጣል፣ ሊፈርም ነው» አለ። ማን እንደነገረው አላውቅም። አናጺው መጋዙን ይዞ እንደቆመ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም «ከወደቁ በኋላ መፈራገጥ ለመላላጥ» ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

እሑድ ጠዋት ከባድ ጉም ነበር። ከቤቴ በር ላይ ሆኜ ፊት ለፊት ያለው የስታዲየሙ በር አይታየኝም ነበር። አናጺው መጥቶ «ተነስ፣ ባትወደውም ታየዋለህ» ብሎ ክንዴን ጎተተኝ። የስታዲየሙ ሣር አጫጅ ትንሿን በር ከፍቷት ስለነበር ያለ ከልካይ ገባን። ሜዳው አልነበረም። ነጭ ነገር ብቻ ተኝቶበታል። የጎሉ አግዳሚ ብቻውን አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ከበሮ መቺውና ጥቂት ደጋፊዎች ታች ሜዳው ዳር ቆመው ይጠብቃሉ፤ ድምፃቸው ይሰማል፣ ሰውነታቸው ግን አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ ይል ነበር። ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። የለቅሶ ቤትም የሠርግ ቤትም ዝምታ አልነበረም፤ ምን እንደምለው አላውቅም። እኔ ራሴ ከእንቅልፌ ያልነቃሁ መስሎኝ ፊቴን አሻሽቻለሁ።

አናጺው ሁልጊዜ ከምንቀመጥበት ካልሆነ አልጠብቅም ስላለ ወደ ላይኛው የሲሚንቶ መቀመጫ ወጣን። እዚያ ስንደርስ የጃኬቱን ኮፍያ የደፋ ሰው በአናጺው ቦታ ላይ ተቀምጧል። አናጺው «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የእኔ ቦታ ነው» አለው። ሰውዬው ቀና አለ። ጭልፊት ነበር።

ብድግ ብሎ «ይቅርታ ጋሼ። ይህን ሁሉ ዓመት ስጫወት ከዚህ ምን እንደሚታይ አላውቅም ነበር፤ ልየው ብዬ ነው» አለ። የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ጉም ብቻ ነው። ሦስታችንም ግን ወደ ሜዳው ዞረን ለጥቂት ጊዜ አየን። በዚያን ጊዜ ከሩቅ ኳስ የሚመታ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ማንም አልመታም፤ ኋላ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

አናጺው ጭልፊትን በሁለት እጁ ጨብጦ «ልትፈርም ነው አይደል?» አለው። ጭልፊት መልስ ለመስጠት አፉን ሲከፍት አናጺው አልጠበቀውም። እጁን ለቀቀው፣ ታች ወዳሉት ዞረና ሁለት ክንዱን ሰቅሎ «እዚህ ነው! እኔ ቦታ ላይ ነው!» እያለ ጮኸ። ደረጃው በጉሙ ረጥቦ ስለነበር ተረከዙ አዳለጠው። ጭልፊት ተወርውሮ የግራ እጅጌውን ያዘው። እጅጌው ከትከሻው ላይ ተተረተረና በጭልፊት እጅ ቀረ፤ አናጺው ተንከባሎ የብረት መከለያው ላይ ደረሰ። ይህ የሆነው ከእኔ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።

ከበሮ መቺው ታች ሆኖ «ገፋው! ገፋው!» ብሎ የጮኸ መሆኑ እውነት ነው። ከእሱ በኩል የተዘረጋ እጅና የሚወድቅ ሰው ነው የሚታየው። በዚያ ጉም ሌላ ነገር ሊያይ አይችልም፤ ውሸታም ነው አልልም። ሰዉ ግን ያንን ጩኸት ተቀብሎ ወደ እኛ ወጣ። ጭልፊት በታመመው ጉልበቱ ደረጃውን ወርዶ አናጺውን ታቅፎት ነበር። አንዱ በጠርሙስ ጀርባውን መታው። ራሱን ለመከላከል እጁን ማንሳት ይችል ነበር፣ አላነሳም፤ ቢያነሳ አናጺው ይወድቅበት ነበር። እኔ ከፊት መንገድ እያስለቀቅሁ እስከ ፒካፕ መኪናዬ ድረስ ተሸክሞት ሄደ።

መኪና ውስጥ ምን ተነጋገራችሁ ተብዬ ተጠይቄ፣ ጭልፊት የአናጺውን ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ ይዞ እንደነበር፣ ሊፈርም መጥቶ እንደሆነ ስጠይቀውም «ፈርሜያለሁ ጋሼ፣ ሌላ ክለብ ነው። ሳልሰናበት መሄድ ከበደኝ» ማለቱን አስረድቻለሁ። በዚያች ሰዓት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተናገርኩት ሁሉ ልክ ሆኖ ተገኝቷልና። ደስ አላለኝም። መንገዱ በጉሙ አልታየኝም ነበር፤ ጉሙ ብቻ እንዳልነበረም አልደብቅም።

እህቴ የተቀደደውን የባሏን ጃኬት ይዛ አቤቱታ ያቀረበችው የሰዉን ጩኸት ሰምታ ነው። ምስክርነት ልሰጥ መሆኔን ሰኞ ስነግራት «ወንድሜ ሆነህ ለባዳ ትመሰክርብኛለህ?» አለችኝ። «አንቺዬ፣ ያየሁትን አላየሁም ብዬ ከማን ጋር ልኑር?» አልኳት። ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ሆስፒታል ተገናኝተን ሰላም አላለችኝም። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደግኋት እህቴ ናት።

አናጺው ማክሰኞ ዓይኑን ገለጠ። ከጉሙ በስተቀር የሚያስታውሰው ነገር እንደሌለ ሐኪሙም አይቷል፤ ስለዚህ ማን ገፋህ ቢባል መልስ የለውም። መንጋጋው ስለታሰረ በጭንቅ ነው የሚናገረው። እኔን ሲያይ መጀመሪያ ያለው «ፈረመ?» ነው። እህቴ ከአጠገቤ ቆማለች። «ፈርሟል» አልኩት። የት እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጨመርኩም። በታሰረ አፉ ፈገግ ለማለት ሞክሮ ተኛ። ይህ አነጋገር ሙሉ እውነት እንዳልነበረ እዚህ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ፤ እንዳይነገረው ግን እለምናለሁ።

እህቴ ወደ ኮሪደሩ ተከትላኝ ወጥታ «የት ነው የፈረመው?» አለችኝ። መናገር ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቦታውን፣ ደረጃውን፣ እጅጌውን፣ ጠርሙሱን። እስከ መጨረሻው ሰምታኝ ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

ከተማውን እንዳይለቅ የታዘዘው ጭልፊት ትናንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል መጣ። ወደ ክፍሉ ለመግባት አልደፈረም። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ክብደቱን በደህናው እግሩ ላይ ጥሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ግማሽ ፊቱን ሸፍኖት ነበር። እህቴ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ጉልበቱን አየች። ከተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና ወደ ጥግ ጠጋ አለች። ጭልፊትም ቀስ ብሎ መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ።

የማውቀው ይህ ነው። የተጻፈው ቃል በቃል ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፣ የእኔው ነው። በዝምድና አላጎደልኩም፣ በጥላቻ አልጨመርኩም። ማንም ሳያስገድደኝ በፊርማዬ አጽንቻለሁ።

ምስክር፦ ጎሚስታው (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለው፦ የምርመራ ክፍል ሳጅን (ፊርማ)