ከጣቢያው ጀርባ የቀረው ቀይ ገመድ

የተጠርጣሪ ቃል

ስም፦ ኪራ ላቭሬንቲየቭና ድሮዝዶቫ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የጠፈር በረራ መሐንዲስ
አድራሻ፦ ሞስኮ አካባቢ፣ የከዋክብት ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2031

እኔ ከላይ ስሜ የተገለጸው ተጠርጣሪ፣ የበረራ አዛዤ በነበረው በሮድዮን ኤፊሞቪች ባላኪን ዓይን ውስጥ ጨው በትነሻል ተብዬ ስጠየቅ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። አዎ፣ በትኛለሁ።

ሟች ባለቤቴ ኢግናት ከሦስት ዓመት በፊት ከሮድዮን ጋር ለጥገና ከጠፈር ጣቢያው ውጭ ወጥቶ ነበር። በዚያ ሥራ ላይ አንቴና ተሰበረ። ሮድዮን በሙሉ ስብሰባ ፊት፣ «እኔ አንቴናው አጠገብ ድርሽ አላልኩም፣ የሰበረው ኢግናት ነው» አለ። ባለቤቴ ከበረራ ታገደ፤ ፎቶውም የጠፈርተኞች ምስል ከሚሰቀልበት አዳራሽ ግድግዳ ወረደ። ሲብሰለሰል ኖሮ ባለፈው ዓመት በልብ ሕመም ሞተ። ያንን የጣቢያውን ጎን ከውስጥ ሆኖ የሚያሳይ መስኮት ስለሌለ እውነቱን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ባለፈው ወር ከሮድዮን ጋር ወደ ምድር ስንመለስ፣ የጣቢያውን ፎቶ ከውጭ እንዳነሳ ታዝዤ ስለነበር መንኮራኩራችን ከጣቢያው ተላቅቃ ዙሪያውን ዞረች። እኔ በቀኙ መስኮት በኩል ተቀምጫለሁ። ጣቢያው ፀሐይ መትቶት ቀስ እያለ ጀርባውን ሰጠን። እዚያ ጀርባ ላይ፣ ከተሰበረው አንቴና ሥር፣ ባለ ቀይ መስመር የደህንነት ገመድ እንደታሰረ አየሁ። ወደ ውጭ ሲወጣ የአዛዡ ልብስና ገመድ ባለ ቀይ፣ የረዳቱ ባለ ሰማያዊ መሆኑን ጠፈርተኞች በምንኖርበት በእኛ ከተማ ሕፃንም ያውቃል። በዚያ ጥገና ላይ አዛዡ ደግሞ ሮድዮን ነበር።

ሮድዮን «አንቺ ኪራ፣ ምን አፍጥጠሽ ታያለሽ? ምድር በወዲህ በኩል ናት!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። መሪውን የያዘው እሱ ስለነበር እስክናርፍ ምላሴን ነከስኩ። ፎቶውን ግን አንስቻለሁ፤ ለመርማሪውም አስረክቤያለሁ።

ትናንት በአቀባበሉ ላይ እንደ ልማዱ ዳቦና ጨው ቀረበልን። ሮድዮን ዳቦውን ቆርሶ ጨው ሊያስነካ ሲል ጠጋ ብዬ፣ «ሮድዮን ኤፊሞቪች፣ ላይ ቤት ገመድ ረስተሃል» አልኩት።

«የምን ገመድ?»

«ባለ ቀዩን፤ ከአንቴናው ሥር።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ኪሩሻ፣ በናትሽ እዚህ አይሁን» አለኝ ስሜን አቆላምጦ። ኢግናትን ያዋረደው ግን ሰው ፊት ነው። ከጨዉ አንድ እፍኝ ዘግኜ ዓይኑ ውስጥ በተንኩበት። ሲጮህ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የባለቤቴ ፎቶ ወደ ግድግዳው ይመለስ። የእኔን ቅጣት እቀበላለሁ።

ቃሌ ሲነበብልኝ «በድንገተኛ ቁጣ ተነሳስቼ» የሚል ሰማሁ፤ እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል። ከመስኮቱ ጀምሮ ሳስብበት ነበር። የቀረው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ኪ. ላ. ድሮዝዶቫ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ ሻምበል ትሪፎን ሹቢን (ፊርማ)