በር ላይ የዋለው ወንበር

(በአንድ ስኳር ፋብሪካ ተርባይን ክፍል፣ የፈረቃ ኃላፊው ጋሽ አጥናፉና የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ቴክኒሻኗ ስምረት ቢጫ አላርም በበራበት ሰሌዳ ፊት ቆመዋል፤ እንግዶች ሊገቡ ነው።)

አጥናፉ፦ አንዲት ሽቦ ናት ያልኩሽ። ነቅሎ መተው ነው።

ስምረት፦ ብነቅላት ንዝረት የሚለካው ሴንሰር ዝም ይላል እንጂ የሚሽከረከረው ሻፍት መንቀጥቀጡን አይተውም፣ ጋሼ።

አጥናፉ፦ ዝም ይበልልኝ። ሌላ ምን ጠየቅኩሽ?

ስምረት፦ ንዝረቱ ከጠዋት ጀምሮ እየጨመረ ነው። ቀዩ መስመር ጋ ሲደርስ ሴንሰሩ ራሱ ማሽኑን ያቆመዋል፤ መብራቱም አብሮ ይጠፋል።

አጥናፉ፦ እንግዶቹ ፊት? በፈረቃ ኃላፊነት አርጅቼ፣ ዛሬ የክፍል ኃላፊ ሊያደርጉኝ መጥተው፣ በጨለማ ዳብሰው ይጨብጡኝ?

ስምረት፦ እንኳን ደስ አለዎት።

አጥናፉ፦ ቆይ፣ ገና ነው። ለመሆኑ ያ ዕቃሽ ሻፍቱን ነክቶት ያውቃል?

ስምረት፦ አይነካውም። የጥፍር ውፍረት ያህል ርቆ ነው የሚቆመው። በመሐላቸው ያለው ክፍተት ሲጠብና ሲሰፋ ይለካል።

አጥናፉ፦ ያልነካውን ይመሰክራል። ፍርድ ቤት ቢሆን አባረውት ነበር።

ስምረት፦ ቢነካውማ በዚያ ፍጥነት ፈጭቶ ይጥለዋል።

አጥናፉ፦ ቀለሙ ነው ያሳበደው። እንግዳ ይመጣል፣ ቀባ ቀባ አድርጉ ብላቸው ያገኙትን ሁሉ ቀቡት። የአሸዋውን ባልዲ፣ የግድግዳውን ሰዓት፣ የኔን ወንበር ሳይቀር።

ስምረት፦ ሴንሰሩ ሽፋኑ ውስጥ ነው፤ ቀለም አልደረሰበትም። ደግሞ ሁለት ናቸው፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው።

አጥናፉ፦ ተማክረው ይሆናላ።

ስምረት፦ ሻፍቱን የተሸከመው ኩሽኔታ ቢበላስ? ሻፍቱ እየተሽከረከረ ቢወጣስ?

አጥናፉ፦ አይወጣም። ይሄን ማሽን ከባለቤቴ በላይ አውቀዋለሁ።

ስምረት፦ ለእንግዶቹ የተጠሩት የትምህርት ቤት ልጆች የሚዘምሩት የት ነው?

አጥናፉ፦ እዚሁ ተርባይኑ ፊት። ግርማው እንዲታያቸው ብዬ።

ስምረት፦ እንግዶቹስ?

አጥናፉ፦ ከልጆቹ ኋላ። ወንበሩን ደርድሬ ጨርቅ አልብሻለሁ።

ስምረት፦ የእርስዎ ወንበርስ?

አጥናፉ፦ የኔ ወንበር ምን አድርጎሽ ነው?

ስምረት፦ ሁልጊዜ ኩሽኔታው አጠገብ ነበር። ሽፋኑ ላይ መዳፍዎን ሳያሳርፉ ሻይ እንኳን አይጠጡም። ዛሬ በር ላይ ነው ያየሁት።

አጥናፉ፦ ቀለሙ እንዲደርቅ ነዋ። እዚያ ነፋስ አለ።

ስምረት፦ መዳፍዎስ? እሱንም ቀቡት?

አጥናፉ፦ ኧረ ተይ አንቺ ልጅ።

ስምረት፦ ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አልነኩትም፣ ጋሼ። እርስዎም ሳይነኩት አውቀዋል።

አጥናፉ፦ …ፈርቻለሁ። ምን ልዋሽሽ? ድምፁ ገና ስገባ ነው ያስጠላኝ። ግን ሹመቱንም ፈልጌዋለሁ።

ስምረት፦ እንግዲያው ወንበርዎን ከልጆቹ አጠገብ ያምጡትና ሽቦውን እነቅለዋለሁ።

አጥናፉ፦ አይ፣ ተይው። ማሽኑን አቁሚው። ጸጥ ሲል እንግዶቹን አስነስቼ ፕሮግራሙን በኅሊና ጸሎት ጀምረናል እላቸዋለሁ። ለማን ነው ካሉኝ፣ ለሹመቴ ነው።