ለአንጁሎ ቻይና ያለቀስኩት ልቅሶ

በኛ ጊዜ ጓደኛው ሞቶ ዝም ያለ ሰው አይታይም ነበር። በኛ ጊዜ፣ ስሙኝ፣ ሰው ሲሞት አብሮት ያደገው ይነሳል፣ ዱላውን ይይዛል፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሟቹን ሥራ አንድ በአንድ ያነሳል፣ ከዚያ ነው አፈር የሚለብሰው። ይኸን ልትሉኝ አይደል? አውቃለሁ። ከቀብሩ ጀምሮ በዚህ ድንኳን ጥግ ለጥግ ስትንሾካሾኩ ሰምቻችኋለሁ፣ ጆሮዬ ገና ደህና ነው። «ዳናን ምን ነካው? አንጁሎ ሞቶ አንዲት ቃል አይወጣውም?» አላችሁ። አንተም ብለሃል፣ አትደበቅ። ያ ከበዴሳ የመጣው ደግሞ «ተጣልተው ነበር እንዴ?» ብሎ ጠይቋል። አልተጣላንም! እንግዲህ ልንገራችሁና ዕረፉ። ተቀመጡ፣ እኔ ግን ልቁም፣ መቀመጥ እምቢ ብሎኛል፣ ከቻይና ከመጣሁ ወዲህ እንደዚሁ ነኝ።

ልጄ ምሕረት ቻይና ተምራ እዚያው ሥራ መያዟን ታውቃላችሁ። ታዲያ «አባዬ ና፣ ሀገሩን ላሳይህ» አለችና ቲኬት ላከች። እኔ ቻይናን ምን ላድርጋት? ቻይናን የሚወድ አንጁሎ ነው። መንገዱ ሲሠራ የቻይናዎቹን ካምፕ ሲጠብቅ የከረመ እሱ፣ ሙቅ ውሃ ባዶውን መጠጣት ከነሱ የተማረ እሱ፣ «ቻይናው» እያላችሁ የጠራችሁት እሱ። እና ያን ጊዜ አልጋ ይዟል። ሐኪሞቹ ለሚስቱ ለዳንሴ የነገሯትን ሁላችንም ሰምተናል፣ እሱ ብቻ ነው ያልሰማ መስሎ የተኛው። ገባሁና «አንተን እንዲህ ትቼ የትም አልሄድም» ስለው ተቆጣ።

«ሂድ! እኔ አልቻልኩ፣ አንተ እይልኝና ና። መጥተህ ሁሉንም ትነግረኛለህ።»

«ሞተህ ብትጠብቀኝስ?»

«ኢሻ፣ ወንድሜ» አለኝ፣ እጄን ያዘና፣ «ሳትነግረኝ አልሞትም። አንተም አትቆይብኝ።»

ታዲያ ልወጣ ስል ደግሞ ጠራኝ። «አንድ ነገር ለይተህ እይልኝ» አለ። «ያ የካምፑ ፎርማን እናቱ የሞተችበት ቀን መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ ወረቀት ሲያቃጥል አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ሀገራቸው እንዴት እንደሚያለቅሱ እይልኝ። ሰው መቼም ዝም ተብሎ አይቀበርም።»

እሺ ብዬ ሄድኩ። ቤጂንግ ገባሁ እላችኋለሁ፣ ፎቁን ቀና ብዬ ሳይ ባርኔጣዬ ወደቀ። እና እኔ ችኩል ነኝ፣ ይኸን አይቼ ያንን አይቼ ቶሎ ልመለስ፣ «ቀጥሎ ምንድነው? ቀጥሎስ?» እላታለሁ፣ ምሕረት ደግሞ «አባዬ ቀስ በል፣ ግንቡ አይሸሽም» ትለኛለች። ግንቡማ አይሸሽም! ሊፍት ውስጥ ገብቼ «እንደምን አደራችሁ» ስል አንድ የሚመልስ የለም፣ ሁሉም ስልኩን ያያል። ስኳር ድንች ግን አላቸው! መንገድ ዳር በትልቅ በርሜል ይጠብሱታል። ሻጯ ስትሰጠኝ ልጬ፣ እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ ሶዶ ገበያ የቆምኩ መሰለኝ። ብር ላወጣ ስል ሴትዮዋ ሳቀች፣ ለካ እዚያ ሁሉም የሚከፍለው በስልክ ነው፣ ጎመን ሻጩም ሳይቀር።

ሽማግሌዎቹን ነው እንጂ ማየት። ጠዋት ጠዋት መናፈሻ ይወጣሉ። አንዱ ወፉን ከነጎጆዋ ተሸክሞ መጥቶ ዛፍ ላይ ይሰቅላታል፣ ትዘምራለች፣ እሱ ካርታ ይጫወታል። አንዱ ወደ ኋላ ይራመዳል፣ ለጤና ነው አሉኝ። አንዱ ደግሞ፣ ይኸን ስሙ፣ ረጅም ብሩሽ ውሃ እየነከረ ንጣፉ ላይ ይጽፋል። ቆሜ አየሁት። ሁለተኛውን መስመር ሳይጨርስ የመጀመሪያው ይደርቃል። «ይደርቅበታል እኮ!» አልኳት ልጄን። «ያውቃል አባዬ» አለችኝ። ያውቃል! አውቆ ይጽፋል! ይኸን ለአንጁሎ ስነግረው ምን ይል ይሆን እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ታዲያ ጠዋት ከጸሎት በኋላ እደውልለታለሁ። ዳንሴ ናት የምታነሳው።

«ዳንሴ፣ አንጁሎን ስጪኝ።»

«ተኝቷል» ትለኛለች፣ ድምፅዋ ጎርንኖ፣ ሲያለቅስ ያደረ ሰው ድምፅ።

በማግስቱ እደውላለሁ፣ «ተኝቷል ጋሽ ዳና።» ደግሞ በማግስቱ፣ «ኧረ ተኝቷል፣ ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም።» ምንም አልሆነም? ማን ሆነ አላት! ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። እናንተ ታውቃላችሁ፣ ርቆ ለሄደ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ቤቱ እስኪገባ፣ ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ እስኪነግረው ይደበቃል። እኔ ራሴ ዓረብ ሀገር ላሉ ልጆቻችን «አባትሽ ገበያ ወጥቷል» እያልኩ ስንቱን ደብቄአለሁ። እኔን ሊደብቁኝ? የዚህ ሥራ አስተማሪ እኔ!

ከዚያማ ምልክቱ ተከታተለ። ምሕረት ካፖርት ገዛችልኝ፣ ጥቁር። «ምነው ጥቁር?» ስላት «ቆሻሻ ስለማያሳይ ነው፣ ይበርዳል አባዬ» አለች። ስልክ ሲደወልላት ወደ ኮሪደር ትወጣና ቀስ ብላ ታወራለች። ገበታ ላይ ሥጋውን ወደኔ እየገፋች «ብላ፣ ጥቂት ብላ» ትላለች። አላስቻለኝም፣ ጠየቅኋት።

«ልጄ፣ አንጁሎ አለ?»

«አለ እንጂ አባዬ፣ ምን ሆነሃል?»

እሷስ ምን ልትል ኖሯል? እኔም ብሆን እንዲሁ ነው የምለው። በቃ፣ አንጁሎ ሞቷል አልኩ በልቤ።

ታዲያ በማግስቱ ታላቁ ግንብ ላይ ወጣን። ወይ ግንብ! ተራራውን ይዞ ይሄዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ዓይን አይጨርሰውም። የኛም የጥንት ነገሥታት ያስካቡት ካብ አለ አይደል፣ ግማሹን ድንጋይ ሰው ለአጥሩ ወስዶት። ልጄ «አባዬ እይ! እይ እንጂ!» ትለኛለች፣ ፎቶ ታነሳኛለች። እኔ ግን ማየት አልቻልኩም፣ እውነቴን ነው። ለማን ልነግረው? እስከዚያ ቀን ያየሁትን ሁሉ ያየሁት ለአንጁሎ ብዬ ነበር። አሁን ነጋሪው አለ፣ ሰሚው የለም። አልቅስ አልቅስ ይለኛል፣ ቱሪስት መሃል እንዴት አድርጌ ላልቅስ? «እንውረድ» አልኳት። ገና መድረሳችን ነበር።

ስንመለስ ነው ነገሩ። አውቶቡሱ አንዲት መንደር ሲደርስ ቆመ፣ መንገዱን ሰው ሞልቶታል። አየሁ፤ ነጭ የለበሱ ሰዎች፣ እንደ እንቢልታ የሚያለቅስ ነገር የሚነፋ ሰው፣ ደጁ ላይ ድንኳን። ድንኳን! ልክ እንደዚህ! በሩን ደበደብኩ። «ክፈት! ልቅሶ ነው!»

«አባዬ፣ የማናውቀው ሰው ነው እኮ!»

«ብናውቀውም ባናውቀውም ልቅሶ ታልፎ አይኬድም! አባቶቻችን ከበቅሎ ይወርዱ ነበር፣ እኔ ከአውቶቡስ ልወርድ ያቅተኛል?»

ባንዲራ ይዛ የምትመራን ልጅ «ኖ፣ ኖ፣ ኖ!» ትላለች፣ ምሕረት ፊቷ በርበሬ መስሏል፣ ሾፌሩ ግን ዕድሜው የኔ ነው፣ አየኝና ከፈተው። ወረድኩ፣ ገባሁ። ፊት ለፊት የአንድ ሽማግሌ ፎቶ በአበባ ተከቧል። ጎንበስ አልኩለት። ልጆቹ ነጭ ለብሰው መጡ፣ ግራ ገብቷቸዋል፣ ለምን አይገባቸው? ምሕረት እየተንተባተበች «አባቴ ነው፣ በኛ ሀገር ልቅሶ አይታለፍም» አለቻቸው። ትልቁ ልጅ ነጭ ጨርቅ አምጥቶ ወገቤ ላይ አሰረልኝ። እሱን ሲያስርልኝ፣ ስሙኝ፣ እዚያው ላይ አበቃልኝ። ዱላዬን አነሳሁና «አንጁሎ ሆይ!» አልኩ። ወዲያ ሄድኩ፣ ወዲህ ተመለስኩ። ያለኝን ሁሉ አወጣሁት። በሩን ለመንገደኛ የማይዘጋው፣ ከራሱ በፊት ለጎረቤት የሚያርሰው፣ የሁምቦ ቆላ ፀሐይ ያላሸነፈው፣ የሰው ጥጃ ከጎርፍ ያወጣው፣ አንድም ሳይቀረኝ በቋንቋችን አወጣሁት። ያ ነፊው መጀመሪያ መንፋቱን አቆመ፣ ኋላ እኔ ስወጣ ይወጣል፣ ስወርድ ይወርዳል። ሴቶቹ በቋንቋቸው ተቀበሉኝ። የሟቹ ልጆች ተንበረከኩልኝ፣ ለለቀስተኛ እንዲህ ነው የሚያመሰግኑት። ከዚያ አስቀምጠው አበሉን። ታዲያ አንጁሎ፣ ልክ ነበርክ አልኩ በልቤ፣ ዝም ተብሎ አይቀበርም፣ እዚያም አይቀበርም።

እና ወደ ሀገሬ ተመለስኩ። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ፣ ቤቴ ሳልገባ፣ ከነሻንጣዬ፣ ከነጥቁር ካፖርቴ ቀጥታ እዚህ ግቢ። ሰው ደጁ ላይ ተሰብስቧል፣ ጋቢ የለበሰ ሁሉ። ተሰበሰቡልኝ፣ መርዶ ሊነግሩኝ ነው! ከበሩ ጀምሬ «ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ አንጁሎ!» ብዬ ለቀቅሁት። ሰዉ ሁሉ ደርቆ ቀረ። ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ማነው እሱ? ኧረ ገና ነኝ! ይልቅ ግባና ንገረኝ!»

አትሳቁ! እሺ ሳቁ፣ እሱም ስቆ ሊሞት ነበር። ሰዉ የመጣው ዳና ከቻይና ይገባል ሲባል ወሬውን ሊሰማ ነው ለካ። ዳንሴ ወጣችና ጮኸችብኝ። ምን ነበር ያልሽኝ ዳንሴ?

«በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየደወልክ ተኝቷል ካላልኩህ ምን ልበልህ? ነው ያልኩህ» አለች ዳንሴ ከወዲያ ጥግ።

አያችሁ? ለካ እዚያ ሲነጋ እዚህ ገና ሌሊት ነው። የድምፅዋ መጎርነን የእንቅልፍ ነበር። ካፖርቱም የብርድ፣ ኮሪደሩም ከአለቃዋ ጋር። እኔ ነኝ ሰው በቁሙ ቀብሬ የመጣሁ!

ታዲያ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፣ ወፏን፣ ውሃ ጸሐፊውን፣ ስኳር ድንቹን። ልቅሶው ላይ ስደርስ ትራሱን ተደግፎ ተነሳ። «ምን ብለህ አለቀስክልኝ? በለው እስቲ» አለ። «በቁምህ? ደግም አይደል» ብለው «በለው!» አለ። በሩን ዘጋን፣ ቀስ አድርጌ አልኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ከናንተ መሃል የራሱን ልቅሶ የሰማ አለ? እሱ ሰማ። ጥጃው ላይ ስደርስ አስቆመኝ።

«በሬ በለው እንጂ!»

«ጥጃ ነበር አንጁሎ።»

«ቻይና ድረስ ሄደህ ጥጃ ትላለህ? ማን ያውቅብሃል? በሬ በለው!»

ከዚያ ከካፖርቴ ሥር እንደታሰረ የመጣውን ያን ነጭ ጨርቅ ከወገቤ ፈታው። «ለኔ የታሰረ ነው፣ የኔ ነው» አለና አንገቱ ላይ ጠመጠመው። እስከ መጨረሻው አላወለቀውም፣ አይታችሁታል። ታዲያ እንዲህ አለኝ፣ «ኢሻ፣ እኔ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ስሞት ባታለቅስልኝም አልቀየምህም።» ስለዚህ ነው ከትናንት ወዲያ ዝም ያልኩት። ልቅሶዬ ባለቤቱ ጋ ደርሷል። ደግሜ ብነሳ የማወጣው ምኑ ይመስላል ብዬ ፈራሁ። ገባችሁ? ግን ዕረፍት አጣሁ፣ ይኸው እናንተ ተቀምጣችሁ እኔ ቆሜ…

«ጋሽ ዳና» አለች ዳንሴ። ተነሥታ መጣች፣ ያ ነጭ ጨርቅ በእጇ ነበር። «እሱ ሰማ። በሩን ዘግታችሁ ለሁለት ተባባላችሁ፣ እኔ ጓዳ ለእንግዳ የሚቀርበውን ምግብ፣ ሙቹዋውን ሳሰናዳ ነበርኩ። ቻይናዎቹ ሰሙ፣ አንጁሎ ሰማ፣ እኔ ሚስቱ አልሰማሁም። ይቺን ልሰርልህና ለኔ በለው።»

እሺ። እሺ ዳንሴ፣ እሰሪው፣ ጠበቅ አድርጊው። ዱላዬን አቀብሉኝ፣ መንገድ ልቀቁልኝ። እና ቀድሜ ልንገራችሁ፣ በሬ ነው የምለው፤ ጥጃ ነበር የምትል ሁላ አፍህን ያዝ።