አባ ለልጃቸው ያልነገሩት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ቁይ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ቄስና አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ገና መተዋወቃቸው ነበር።

«አባ፣ ከሆስፒታል ነው የሚመለሱት?»

«አዎ ልጄ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው አሉኝ። ታላቅ ወንድሜም በዚሁ ነው የሞተው። የቤታችን እርግማን ይሆን?»

«እርግማንስ አይደለም። በሰውነታችን ሕዋስ ሁሉ ውስጥ ጂን የሚባል ትእዛዝ አለ። አንዱ ‹ተራባ› ይላል፣ ሌላው ‹በቃ› ይላል።»

«የኔ ታዲያ ምን ሆነ?»

«‹በቃ› የሚለው ሥራውን ሲያቆም፣ የአንጀቱ ሕዋስ ያለ ልክ ይራባል።»

«ይኸ በዘር ይወርዳል?»

«አንዳንዴ ይወርዳል። ልጅ አለዎት?»

«አንድ አለኝ፣ መርጡለ ማርያም ቅኔ ያስተምራል። እንዳይደነግጥ ብዬ መታመሜን አልነገርሁትም።»

«ይንገሩት አባ። እሱም ይመርመር፤ ቀድሞ ከተደረሰበት ይታከማል።»

አባ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ወንድሜም በዓይነ ምድሩ ደም እያየ እኔን እንዳያስጨንቅ ደብቆኝ ነበር። እንኪ ስልኬን፣ ደውይልኝ፤ ዓይኔ ቁጥሩን አይለይም።»

ደወለችላቸው።

«ልጄ፣ አባትህ ነኝ። የምነግርህ አለ፣ እስቲ ቁጭ በል።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን አቃተኝ።