እትዬ ለምን ቀረች

እግሩ የተናጋ በርጩማዬን ላሠራ ወደ ጎረቤቴ ወደ አናጢው ብቅ ስል ሰውዬውን ከቁም ሳጥን ጀርባ ተደብቆ አገኘሁት። ስድሳ ያለፈው፣ የተከበረ ሰው፣ በገዛ ወርክሾፑ ውስጥ ተደብቆ! አፌን ልከፍት ስል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ በሩ ጠቆመኝ። የታላቅ እህቱ ልጅ፣ ያቺ ኮሌጅ የጨረሰችው፣ ሜትር ዘርግታ የበሩን ስፋት ትለካለች።

«አየህ መምህር፣» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ቤት ልትካፈል ነው። እናትየዋ ናት የላከቻት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ የአባታቸው ነው፤ ታች ወርክሾፕ፣ ላይ መኖሪያ። እህትየው እግሯን ታማ በዊልቸር መሄድ ከጀመረች ወዲህ ጥቂት ጊዜ ተጋብዛ መጣችና ከዚያ ቀረች። በተጠራች ቁጥር «አሞኛል» ትላለች። አናጢው ግን በውርሱ ቂም ይዛብኝ ነው ባይ ነው። አሁን ደግሞ የአናጢው ሴት ልጅ ልታገባ፣ የእጮኛዋ ቤተሰቦች እሑድ ለምሳ ሊመጡ ነው። እናቷ ስትሞት ያሳደገቻት ይህችው አክስቷ ናትና ሙሽሪት «እትዬ ካልመረቀችኝ አላገባም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። እንቅልፍ የነሳው ይሄ ነው።

እኔ መንሾካሾክ አልወድም። እውነቱን ለመናገር ሜትሩን ሳይ እኔም ሳልጠረጥር አልቀረሁም። የእህቱን ልጅ ጠርቼ ምን እንደምትለካ እፊቱ ጠየቅኋት። የእሑዱ ምሳ ታች ቢሆን እናቷ በዚህ በር ትገባ እንደሆነ ለማየት መሆኑን ነገረችን።

አናጢው የነገረኛ ፈገግታ ፈገግ አለ። እናቷ ሰጋቱራ መሃል ምን ልታደርግ ነው? እሱ እንግዳ ታች ተቀብሎ አያውቅም፣ አባቱም አላደረገውም፤ እንግዳን ወርክሾፕ ማስቀመጥ ደጅ እንደ ማስቀረት ነው።

«እትዬን እኮ አራት ጎረምሳ ከነወንበሯ ተሸክሞ ነው ላይ የሚያወጣት፤ እንደ ንግሥት! ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ?»

«ክብሩ ለተሸካሚዎቹ ነው፣ ጋሼ» አለች ልጅቱ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። «ደረጃው ላይ ቀሚሷ ሲገለብ እማዬ ወንበሩን ትያዝ ወይስ ቀሚሷን? ላይ ከወጣች በኋላ ደግሞ ውሃ አትጠጣም፤ የሽንት ቤቱ በር ወንበሯን አያስገባም። ልሂድ ብትልም ጎረምሶቹ በልተው እስኪጠግቡ መጠበቅ አለባት።»

አናጢው ፊቱ ተለዋወጠ። «ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«እርስዎስ ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

«ታላቄን ስለ ሽንት ቤት ልጠይቅ? ነውር አይደለም?»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «ነውሩ መጠየቁ ነው ወይስ እህትህ ውሃ ጠምቷት መዋሏ?» አልኩት።

ይሄ የብዙዎቻችን ጠባይ ነው። አካል ጉዳተኛ እንግዳ ሲመጣ የምናዝነው ማዘን፣ የምንደነግጠው መደንገጥ፣ ለጉድ ነው። «ምን ይመችሃል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ግን ሞት ይመስለናል።

አናጢው አሁንም በቀላሉ የሚረታ አልሆነም። የእጮኛዋ ወገኖች «ሴት ልጁን ከመጋዝ ጋር ዳረ» ብለው ቢስቁበትስ? ልጅቱ በትሕትና መለሰችለት፤ ትልቁ የሥራ ጠረጴዛ ቢጸዳና ጨርቅ ቢለብስ ለምሳ እንደሚበቃ፣ የግቢው ሽንት ቤት በር ጥቂት ቢሰፋ ወንበሯን እንደሚያስገባ አስረዳችው። በሩን የሚያሰፋ ሰው ከየት እንደሚመጣ ማጉረምረም ሲጀምር ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

«ለአገሩ ሁሉ በር ስትሠራ ኖረህ ለእህትህ ሲሆን ጠበበህ?»

አናጢው ስልኩን አወጣና ለእህቱ ደወለላት። እሷም የእሱው እህት ናትና ገና ከሰላምታው ጠረጠረች።

«ምን ልታስፈርመኝ ነው?» የሚለው ድምፅዋ እኔ ድረስ ተሰማ።

«ምንም አላስፈርምሽም፣ እትዬ። እሑድ ስትመጪ… ምን ይመችሻል ብዬ ነው።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎት ሁለቴ ተመለከተው። በኋላ ግን የእህትየው ንግግር እንደ ዝናብ ወረደ። ማንም እንዳያነሳት። ጥግ ሳይሆን ሰው መሃል እንድትቀመጥ። ቦታዋ ላይ ያለው ወንበር እሷ ከመድረሷ በፊት እንዲነሳ እንጂ ሰው ሁሉ ለእሷ ሲል እንዳይተራመስ። «ደግሞ አይዞሽ የሚለኝ ሰው እንዳይኖር፤ ምሳ ልበላ ነው የምመጣው» አለችው።

እሑድ ደረሰ። አናጢው ሰጋቱራውን ጠርጎ፣ የበሩን ደፍ ልጎ ዝቅ አድርጎ፣ የሽንት ቤቱን በር አስፍቶ፣ ነጭ ጨርቅ ባለበሰው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ የእንግዶቹን ፊት አንድ በአንድ ይሰልላል። የሚስቅ አላገኘም። የእጮኛዋ አያት ደረጃ አለመኖሩን ሲያዩ ስለ ጉልበታቸው ፈጣሪን አመሰገኑ። ጆሮዋ የከበዳት የእጮኛዋ አክስት ከመስኮቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ የሰዉን ከንፈር እያየች ጨዋታውን ስትከተል ዋለች። አንዲት ሕፃን የያዘች እናትም የልጇን ጋሪ እየገፋች ገባች። አንባቢዬ ልብ ይበል፤ ለአንዲት እህት የሰፋ በር የገባበት ሰው ብዙ ነው። ትንሽ ግብዣ ደግሞ ለዚህ ይመቻል፤ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ታውቀዋለህ፣ መጠየቅ ብቻ ነው።

እትዬ ወንበሯን ራሷ እየነዳች ገባች፤ በላች፣ ጠጣች፣ ቀለደች። ሙሽሪትን ጭኗ ላይ አስደግፋ ስትመርቃት ያላለቀሰ አልነበረም። በኋላ «በሉ ልሂድ» ስትል አናጢው የለመደበት ነውና ብድግ ብሎ ጎረምሶቹን ተጣራ፤ «ኑ፣ እትዬን አንሡልኝ!»

ዞር ሲል እህቱ ደፉን ተሻግራ መንገድ ላይ ናት።

«ማንን ነው የምትጠራው?» አለችው። «አንተ ና ሸኘኝ እንጂ።»

ጎን ለጎን እያወሩ መንገዱን ይዘው ወረዱ። ሲመለስ እንግዶቹ ሄደው፣ እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

«መምህር፣» አለኝ፣ «ለካ እስከ ዛሬ አሸክሜ ሰድጃት እንጂ ሸኝቻት አላውቅም።»