ለዘንጉ የተፈቀደች ጠብታ

ሰው ጥፋቱን ተሸክሞ ሲሄድ ዘመድ ባያገኘው ይመርጣል። ጋሽ ደረቁም ያን ዕለት ጠዋት የፓምፓቸውን ዘንግ በጆንያ ጠቅልለው ብረት ወደሚላጥበት ቶርኖ ቤት ሲገቡ፣ ልባቸው የሚለምነው ማንም እንዳያያቸው ነበር። ልመናቸው አልሰመረም። ከበሩ ገባ ሲሉ የሟች ወንድማቸው ልጅ፣ በሙያ ትምህርት ቤት የማሽን አስተማሪ የሆነችው፣ ለተማሪዎቿ ያሠራችውን ብረት እያገላበጠች ቆማለች።

ደረቁ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። የሚጠብቁት ፓምፕ ኮረብታው ላይ ላለው ሰፈር ሁሉ ውኃ ይገፋል፤ ሲገፋም አንዲት ጠብታ መሬት ላይ አይጥልም። ስሙ በዚያ የተነሣ ወጣላቸው። ሚስታቸው ግን ስሙ የወጣው ከፓምፑ ሳይሆን ከጭንቅላታቸው ነው ትላለች፤ በባልና በሚስት መሃል እኛ አንገባም።

"እንዴት አደሩ አጎቴ? ምን ተሸክመው ነው?" ብላ ልጅቱ ጆንያውን ተቀበለቻቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ምንም አይደል፣ ትንሽ ብረት ናት።"

ትንሿ ብረት ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ የቶርኖ ባለሙያው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ፊቱን አጠቆረ። ዘንጉ በረጃጅም ጭረት ተጫጭሯል። ጣቱን ቢያስኬድበት ጥፍሩ ጭረቱ ውስጥ እየገባ ተያዘ።

"ጋሽ ደረቁ፣ ባለፈውም ላጥኩት፣ ከዚያ በፊትም ላጥኩት" አለ። "ብረት እንደ ሽንኩርት ሲላጥ አይኖርም። ዛሬ ልልጠውና ላለሰልሰው እችላለሁ። ከዚህ በኋላ ቢጫጫር ግን እኔ የለሁበትም፤ ይቀጥንና ይሰበራል። የዚህ ዓይነት ፓምፕ የሚሠራው ፋብሪካም ከተዘጋ ቆይቷል፤ ምትክ የሚባል ነገር አያገኙም። ያን ጊዜ ኮረብታው ውኃ አጣ ማለት ነው።"

ጋሽ ደረቁ ይህን ሲሰሙ አጠገባቸው የነበረ ባዶ በርሜል ላይ ቁጭ አሉ። ኮረብታው ላይ ጤና ጣቢያ አለ፤ ትምህርት ቤት አለ፤ የራሳቸውም ቤት እዚያው ነው።

"አጎቴ፣ ይህን ዘንግ ምን ቢያጠጡት ነው እንዲህ የሆነው?" ብላ ጠየቀች ልጅቱ።

"ምን ያላጠጣሁት አለ! ጠዋት ዘይት፣ ማታ ዘይት። በቆርቆሮ ነው የማፈስለት። ቀለብ አጎደልክብኝ ብሎ የሚከሰኝ ማሽን የለም።"

"የምን ዘይት?"

"ሾፌሮች ከመኪናቸው የሚያወጡት ጥቁሩ አለ አይደል? ይሰጡኛል። ለምን ይደፋ?"

"አንገቱንስ እንዴት ነው የሚይዙት?"

አንገት የምትለው ዘንጉ ወደ ፓምፑ ሆድ የሚገባበትን ቀዳዳ ነው። ዙሪያውን ቅባት በጠጣ ገመድ ይጠቀጠቅና በሁለት ብሎን ይጠብቃል፤ ውኃው ወደ ውጭ እንዳይፈስ የሚያግደው ያ ገመድ ነው።

"አንገቱንማ አንቄ ነው የምይዘው!" አሉ ጋሽ ደረቁ፣ እዚህ ላይ እንኳ አይታሙምና ደረታቸውን ነፍተው። "ጠብ ባለ ቁጥር መፍቻዬን አንሥቼ አጠብቃለሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ መካኒክ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሚያንጠባጥብ ማሽንና የሰነፍ ልጅ አፍንጫ አንድ ናቸው ይሉኝ ነበር።"

የቶርኖ ባለሙያው ከት ብሎ ሳቀ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም።

"ቢቆጡኝም እውነቱን ልንገርዎ አጎቴ። ዘንጉን የጨረሰው መፍቻዎ ነው።"

"መፍቻዬ?"

"አዎ። ሲያጠብቁት ገመዱ የጠጣው ቅባት ተጨምቆ ይወጣል። የሚያረጥበው ውኃም መግቢያ ያጣል። ከዚያ ገመዱ ይደርቅና ይጠነክራል፤ ዘንጉ በገባ በወጣ ቁጥር እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። እስቲ ፓምፑ ሲሠራ አንገቱን ነክተውት ያውቃሉ?"

"ያቃጥላል እንጂ! ማሽን አይደለም እንዴ?"

"ቀን ከሌት ቀዝቃዛ ውኃ የሚገፋ ማሽን ለምን ያቃጥላል?"

መልስ ያጣ ሽማግሌ ወደ ዕድሜው ይሸሻልና ጋሽ ደረቁም፣ "አንቺ ሳትወለጂ እኔ ይህን ፓምፕ አስነሣ ነበር!" አሉ።

"እኮ፤ ያኔ ዘንጉ አዲስ ነበር። አዲስ ነገር ብዙ በደል ይችላል።"

"እሺ፣ መፍቻዬ በደለ እንበል። ዘይት ምን አጠፋ? ዘይት ሲበዛ ምን ይጎዳል?"

"ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል። ፓምፕ ቤትዎ ከመንገድ ዳር ነው፣ በሩም ሁልጊዜ ክፍት ነው። አቧራ በዘይት ሲላቆጥ ዘንጉ እሱን ይዞ ይገባል። ጥቁሩ ዘይት ደግሞ ከሌላ ሞተር የተፋቀ ብረት ሰንቆ ነው የሚመጣው። እርስዎ ጠግቦ ያድራል ብለው የሚያፈሱለት የብረት ዱቄት ነው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ደግሞ አጎቴ፣ ዘንጉ ሲገባ ዘይቱን የት ያደርሰዋል?"

"ወደ ውስጥ።"

"ውስጥ ምን አለ?"

"ምን ይኖራል፣ ውኃ ነዋ።"

"ሰው የሚጠጣው ውኃ።"

ጋሽ ደረቁ ከበርሜሉ ብድግ አሉ። "እስከ ዛሬ አንድ ሰው ውኃችን ቅባት አለው ብሎኝ አያውቅም! የከሰሰኝ የለም፣ ያማኝ የለም!"

"ሰው አላለም ማለት የለም ማለት አይደለም" አለች ልጅቱ ዝግ ብላ።

እዚህ ላይ ጋሽ ደረቁን ያለ አግባብ እንዳንወቅሳቸው ለአንባቢ አንድ ነገር መናገር ይገባናል። እኚህ ሰው ሰነፍ አልነበሩም። ከሰው ሁሉ ቀድመው ይነሣሉ፤ ፓምፑ ሳይወለወል ውሎ አያውቅም። ነገር የሚበላሸው በቸልተኛ እጅ ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ትጉ ሰው አንዴ ከተሳሳተ ስሕተቱንም በትጋት ነው የሚሠራውና፣ ከሰነፉ ይልቅ ጥፋት ላይ እሱ ቶሎ ይደርሳል።

"ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትይኝ? ያንጠባጥብ? በዚህ ዕድሜዬ የሚያፈስ ፓምፕ ይዤ ሰው ፊት ልቁም?"

"ትንሽ ያንጠባጥብ። ያቺ ጠብታ አልባከነችም፤ ሥራ ላይ ናት። ዘንጉን ታረጥበዋለች፣ ታቀዘቅዘዋለች። በውኃው በኩል ያለው ጫፍ ዘይት አይፈልግም፤ ከሚገፋው ውኃ ትንሽ ይበቃዋል። ዘይት የሚፈልገው በሞተሩ በኩል ያለው ተንሸራታች ብረት ነው። ለእሱ ንጹሕ ዘይት፣ በጠብታ፣ ሳይቋረጥ። ዘይቱ ወደ ውኃው እንዳይሻገር መሃል ላይ የጎማ ቀለበት ዘንጉ ላይ እናጠልቃለን።"

"በጠብታ! ማሽን እኮ ነው፣ ጡጦ የሚጠባ ሕፃን አደረግሽው!"

"እርስዎ የሳምንቱን ውኃ ሰኞ ጠዋት ጠጥተው እስከ እሑድ ይቆያሉ?"

ባለሙያው አሁንም ሳቀ። ጋሽ ደረቁ ገላመጡትና ወደ ልጅቱ ዞሩ። ድምፃቸው ቁጣው ወጥቶለት ነበር። "ብትሳሳቺስ ልጄ? ዘንጉ እኮ ይኸው አንድ ነው።"

"ከተሳሳትኩ ጥፋቱን በእኔ ስም ለውኃ ኮሚቴው ሊቀመንበር እናገራለሁ። እርስዎ ግን በድሮው መንገድ ሄደው ዳግመኛ ቢጫጫር ምን ሊሉ ነው? አላወቅሁም እንዳይሉ ዛሬ ሰምተዋል።"

ጋሽ ደረቁ ዘንጉን ከጠረጴዛው አንሥተው አቀበሉና፣ "ላጠው" አሉት ባለሙያውን። "እሷን ይዣት እሄዳለሁ።"

ፓምፕ ቤቱ ገብተው አሮጌውን ገመድ ከአንገቱ ሲያወጡት እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ በጣት ሲጫኑት እየተሰባበረ ወጣ። ጋሽ ደረቁ ቁራጩን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላብጠው አዩት። ከዚያ አንገቱን በንጹሕ ጨርቅ አጸዱ። ልጅቱ ለቀጠነው ዘንግ የሚሆን፣ ለመጠጥ ውኃ የማይጎዳ ቅባት የጠጣ አዲስ ገመድ መርጣ፣ በቀለበት በቀለበት ቆረጠችና መጋጠሚያዎቻቸው በአንድ መስመር እንዳይውሉ እያፈራረቀች አስገባች። ዘንጉ መሃል ላይ የጎማውን ቀለበት አጠለቁና በሞተሩ በኩል ከታች ማስተካከያ ያላት የመስታወት ዘይት ማንጠባጠቢያ ገጠሙ። ብሎኖቹ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ደረቁ መፍቻቸውን አነሡ።

"በጣት ብቻ" አለች ልጅቱ።

"በጣት! ይህ ብሎን ነው፣ የሽቶ ጠርሙስ ክዳን አይደለም።"

"በጣት ያስጀምሩት፤ ከዚያ መፍቻው ተራ ይደርሰዋል።"

ሞተሩ ተነሣ። ዘንጉ ሲገባ ሲወጣ ከአንገቱ ውኃው መጀመሪያ ፈሰሰ። ጋሽ ደረቁ ከንፈራቸውን ነከሱ። "አሁን እርስዎ ያጥብቁት፤ እኔ የእርስዎን ያህል አልሰማውም። ሁለቱንም ብሎን እኩል፣ ለጥቂት ብቻ። ከዚያ ይታገሡት" አለቻቸው። ጥቂት አጠበቁ፣ ታገሡ። እንደገና ጥቂት። ፍሳሹ ቀነሰ፤ ወደ ጠብታ ወረደ። ጠብ... ጠብ... አለ።

"በቃ" አለች።

"አንድ ጊዜ ብቻ ልጨምርበት።"

"በቃ አጎቴ።"

ያን መፍቻ መልሶ ማስቀመጥ ዘንጉን ተሸክሞ መንገዱን ከመሄድ የበለጠ ከበዳቸው። የዕድሜ ልክ ልማድ በክንዳቸው ውስጥ ሆኖ ይጎትታቸዋል። ሆኖም ጋሽ ደረቁ አንድ ነገር ከቆረጡ ቆረጡ ነውና መፍቻውን ሣጥን ውስጥ ከተው ሣጥኑ ላይ ተቀመጡበት።

ፓምፑ ረዘም ላለ ጊዜ ከሠራ በኋላ ልጅቱ፣ "ዘንጉን እንዳይነኩ፤ አንገቱን ከውጭ ይንኩት" አለቻቸው። መዳፋቸውን ለመቃጠል አዘጋጅተው ዘረጉ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። እጃቸውን አንሥተው እንደገና አሳረፉት፤ አሁንም ቀዝቃዛ። ለዓመታት የፓምፑ ዘፈን ነው ብለው የለመዱት ሲጥሲጥታም የለም።

"ያ ሁሉ ጊዜ ሲጮህብኝ የነበረው..." ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

ሳምንታት አልፈው የኮሚቴው ሊቀመንበር ሊጎበኝ መጣ። ገና ከበሩ እንደገባ ዓይኑ ጠብታዋ ላይ አረፈ።

"ጋሽ ደረቁ! ምን ነካዎት? ፓምፕዎ ያፈሳል እኮ! የት አለ መፍቻው?"

"መፍቻው አይነካም" አሉ ጋሽ ደረቁ፣ ከሣጥኑ ላይ ሳይነሡ። "አያፈስም፤ እየጠጣ ነው። ይህችን ጠብታ ከከለከልኩት ገመዱ ይቃጠላል፣ ገመዱ ሲቃጠል ዘንጉ ይጫጫራል፣ ዘንጉ ሲጫጫር ኮረብታው ይጠማል። የምትፈሰው ተጠራቅማ አንድ ባልዲ ብትሞላ ነው፤ እኔ ያን ባልዲ ስቆጥብ ሰፈሩን ሁሉ ላስጠማ ነበር።"

"እርስዎ አይደሉ እንዴ የሚያንጠባጥብ ማሽን ነውር ነው ሲሉን የኖሩት?"

"እኔ ነኝ። ያልኩትም ስሕተት ነበር።" ሞተሩን አቆሙና ሊቀመንበሩን ክንዱን ይዘው ወደ ዘንጉ አስጠጉት። "ይልቅ ፊትዎን ይዩበት!"

ሊቀመንበሩ ጎንበስ አለ። ዘንጉ ላይ አንድ ጭረት የለም። ጋሽ ደረቁም እንደ አስተማሪ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀጠሉ። ዱሮ በቆርቆሮ ያፈሱት የነበረው ዘይት ዛሬ በትንሽ ብልቃጥ እንደሚበቃ፣ ሞተሩ ስለቀለለው ነዳጅ እንደቀነሰ፣ ከዚያ ወዲህ ቶርኖ ቤት ደጃፍ እንዳልደረሱ፣ ወለሉ እንደማያዳልጥ፣ ውኃው ወደ ኮረብታው እንደ ተፈጥሮው ንጹሕ ሆኖ እንደሚወጣ ነገሩት። "ትንሽ ነገር፣ በቦታው፣ ሳይቋረጥ። ብዙ ነገር አንዴ ደፍቶ ከመሄድ ይሻላል። ይህን ያስተማረችኝ የወንድሜ ልጅ ናት፤ እሷን ያመስግኑ" አሉ። ሊቀመንበሩ በመጣበት ወቀሳ አልተመለሰም፤ በሌላው ሰፈር ያለውም ፓምፕ እንዲሁ እንዲደረግ ልጅቱን ሊያነጋግር ሄደ።

ያን ማታ ጋሽ ደረቁ ቤታቸው ገብተው እስኪረጋገጥ ደብቀውት የቆዩትን ነገር ሁሉ ለሚስታቸው ከሥሩ አጫወቷት። "ከእንግዲህ ውኃው ላይ ዘይት የሚባል ነገር አይደርስም" አሉ በመጨረሻ።

ሚስታቸው ምንም ሳትል ተነሥታ ከቤቱ የውኃ በርሜል ጀርባ ተሰቅሎ የነበረ፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ ነጭ ጨርቅ አወረደች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የውኃ መግፈፊያዬ ነበር። እንግዲህ ወለል እጠርግበታለሁ።"

"ምኑን ነበር የምትገፍፊው?"

"ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን። ሰሞኑን ቢጠፋም ይመለሳል ብዬ ነበር ጨርቁን ያቆየሁት። አንተ ከሥራ ሳትገባ ገፍፌ እጨርሳለሁ።"

ጋሽ ደረቁ በእጃቸው የነበረውን የውኃ ብርጭቆ አስቀመጡ። "ስንት ዘመን?"

"ኧረ ማን ቆጥሮት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዴት ብዬ! በዚያ ፓምፕ እንደዚያ ስትደሰት እያየሁ? እኔ ብቻ መሰለህ? ጎረቤቱ ሁሉ ይገፍፋል። ጋሽ ደረቁ እንዳይሰሙ ብለን ነው።"

የጋሽ ደረቁ ዓይን እንባ ሞላ፤ አልደበቁትም። ከዚያ ተነሥተው ያወለቁትን ጫማ መልሰው አጠለቁ።

"በዚህ ምሽት ወዴት ነው?"

"ጎረቤት" አሉ። ግቢውን ተሻግረው የመጀመሪያውን በር አንኳኩ። በሩ ሲከፈት ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሱም።

"ከእንግዲህ ውኃውን አትግፈፉ" አሉ። "ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አስተካክዬዋለሁ።" ይህን ብለው ወደ ሁለተኛው በር አለፉ።