አርባ ሺህ ዲግሪ

ጋሽ አረጋ ያን ዕለት ጠዋት ላሊበላ መናኸሪያ ሲደርሱ ለክርክር ጊዜ አልነበራቸውም። በብብታቸው የያዙት ሳጥን በገዛ እጃቸው የሠሩት መሣሪያ ነው፤ የክትባት ማቀዝቀዣ ከስምንት ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የተተከለበትን ቦታ ስም እያሳየ ይጮኻል። ገነተ ማርያም ጤና ጣቢያ ሊተክሉት ሲጣደፉ፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ የቀድሞ የጥገና ተማሪያቸውን ማርያማዊትን አገኙ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ኮምፒውተሯን አዝላ መምጣቷ ነው።

ሰላምታው ሳያልቅ የሳጥኑን ፕሮግራም በኮምፒውተሯ ለማየት ጠየቀች። አየችና ፊቷ ጠቆረ።

"ጋሼ፣ የቦታውን ስም የሚገለብጡት strcpy በሚባለው ትእዛዝ ነው። እሱ እኮ የማስቀመጫውን ልክ አይጠይቅም። የእንቅቡን ልክ ሳያዩ ገብስ ያፈሳሉ?"

"አንች ልጅ፣ ሃያ ቦታ ሰጥቸዋለሁ! 'ገነተ ማርያም' ሰባት ፊደል ነው። ፍላቂት ጤና ጣቢያ የተከልሁት ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም።"

"የኛ ፊደል አንዱ ሦስት ባይት፣ ማለት ሦስት ቦታ ይይዛል። ሰባቱ ሃያ አንድ፣ ክፍተቱ አንድ፣ የስሙን ማለቂያ የሚያሳየው ዜሮ አንድ፤ ሃያ ሦስት። ትርፉ የት የሚወድቅ ይመስልዎታል?"

"ፈሶ ይቀራላ!"

"ጎረቤቱ ላይ ነው የሚፈሰው። ጎረቤቱ ደግሞ የማንቂያው ወሰን ነው፤ ያ ስምንት ዲግሪ።"

ጋሽ አረጋ ተቆጡ። አርባ ዓመት ሬዲዮ የጠገነ ሰው በትናንት ልጅ ሲታረም ያንገበግበዋል፤ ምን ይደበቃል! የሚኒባሱ ረዳት "ገነተ ማርያም! የቀረ!" እያለ ይጣራል። እሷ ግን ሳጥኑን አልለቀቀችም።

"ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጋሼ። ስሙን ያስገቡና ይሞክሩት፤ ከጮኸ ይሂዱ።"

ካልታዘልሁ አላምንም ባዩ ሰውዬ ስሙን አስገብተው የሙቀት መለኪያውን ትኩስ ሻይ ውስጥ ነከሩት። ሳጥኑ ዝም አለ። ቢጠብቁም ዝም። ስክሪኑ ላይ ወሰኑን ሲያዩት ስምንት መሆኑ ቀርቶ 40328 ይላል። አርባ ሺህ ዲግሪ! ማቀዝቀዣው ቢነድም አይጮኽም ነበር። የተበላሸ ክትባት የሚወጉት ሕፃናት ታዩዋቸው።

"አሳይኝ" አሉ ቁጭ ብለው።

"snprintf የሚባለው ትእዛዝ ልኩን ይጠይቃል፤ ከልኩም አያልፍም። ግን ስሙን ቆርጦ ዝም እንዳይል፣ የሚመልሰውን ቁጥር፣ የስሙን ሙሉ ርዝመት ይመልከቱ፤ ከማስቀመጫው ልክ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ 'ስሙ አልገባም' ብሎ ይናገር። ማስቀመጫውንም ስልሳ አራት ያድርጉት።"

ሚኒባሱ ጥሏቸው ሄደ። እሳቸው ግን እየጠየቁ አረሙት፤ ሻይ አስሞቁና መለኪያውን ነከሩት። መናኸሪያው በሙሉ ዞሮ እስኪያይ ድረስ ጮኸ።

እንግዲህ ልክ ጠይቆ የሚገለብጥ ሰው የሚደክመው ሁለት መስመር ለመጨመር ነው። የሚያገኘው ግን የቦታው ስም ቢረዝምም የማይስት መሣሪያ፣ ሳይበላሽ የሚደርስ ክትባትና ያለ ስጋት ልጇን የምታስከትብ እናት ነው።

ማርያማዊት ልታጽናናቸው ብላ "የፍላቂቱ እንኳ ደህና ነው" አለች።

"እሱ በስሙ ማጠር ነው የዳነው እንጂ በኔ ብልሃት አይደለም" አሉ ጋሽ አረጋ ሳጥኑን እየዘጉ። "ገነተ ማርያም ተክለን ስንመለስ እሱንም ፈተን እናርመዋለን። አንች ታሳይኛለሽ፤ እኔ እማራለሁ።"